ትንሿን ግጭት ማመልከቻው ላይ ልጻፋት ወይስ ልለፋት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። የምኖረው ዳላስ ነው፤ ግሪን ካርድ አለኝ። ሲዲኤል ክላስ ኤ (የከባድ ጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ አንድ ዓመት ሞላኝ። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ካምፓኒ ገብቼ አራት ወር ነዳሁ። አንድ ሌሊት ትራክ ስቶፕ ውስጥ ወደ ኋላ ስገባ የቆመ ትራክ ኮፈን ገጨሁ። ማንም አልተጎዳም፣ ፖሊስም አልመጣም። በሳምንቱ ግን አሰናበቱኝ። ከዚያ ወዲህ ኡበር እየሠራሁ ሦስት ካምፓኒ አመልክቼ ሦስቱም እንቢ አሉኝ። አሁን ሁለት ሰዎች እየደወሉልኝ ነው። አንዱ የአገራችን ሰው ነው፤ ‹ወረቀት ምናምን አያስፈልግም፣ ነገ ና፣ በ1099፣ እንደ ግል ሠሪ፣ እከፍልሃለሁ› ይላል። ሌላው ያለ ቅድሚያ ክፍያ ትራክ በሊዝ እንስጥህ የሚል ካምፓኒ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ የአራቱን ወር ሥራ ማመልከቻው ላይ ዝለለው፣ ማን ያውቃል ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ጻፋት። አራቱንም ወር ጻፍ፣ ግጭቷንም ጻፍ። ጓደኞችህ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ግጭቷ እስካሁን ከጎዳችህ ይልቅ ምክራቸው ይጎዳሃል።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ደግሞ አንድ መካከለኛ ካምፓኒ ውስጥ የሾፌር ቅጥርና ሴፍቲ ላይ ነው የምሠራው። ማመልከቻህ ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ ምን እንደማይ ልንገርህ።

አገር ቤት ሾፌር ሲቀጠር ዋስ ያመጣል። ባለንብረቱ መኪናውን የሚያስረክበው ሾፌሩን ብቻ ሳይሆን ዋሱንም አይቶ ነው። እዚህ ዋስ የሚጠይቅህ የለም። ዋስህ ፋይልህ ነው። ፋይልህ ደግሞ አንተ ማመልከቻ ከመሙላትህ በፊት በሌሎች እጅ ተጽፎ ያለቀ ነው።

የፌዴራሉ ደንብ ያለፉትን 3 ዓመታት ሥራዎችህን በሙሉ እንድትዘረዝር ያዛል። ከዚያ በፊት በነበሩት 7 ዓመታት ደግሞ የንግድ መኪና የነዳህበት ሥራ ካለ እሱም ይገባል። ስለዚህ ኡበሩም ይጻፋል። ካምፓኒው ከየስቴቱ የመንጃ ፈቃድ ታሪክህን ያስመጣል። በ3 ዓመት ውስጥ ትራክ ያስነዱህን አሠሪዎች ስለ አደጋ ታሪክህ ይጠይቃል። ይሄ ሁሉ፣ ሥራ በጀመርክ በ30 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። አብዛኞቻችን ግን ቁልፍ ከመስጠታችን በፊት ነው የምንጨርሰው።

ከዚያ ፒኤስፒ የሚባለው ወረቀት አለ። የ5 ዓመት አደጋና የ3 ዓመት የመንገድ ፍተሻ ታሪክህን ከፌዴራል መዝገብ አውጥቶ ያሳያል። ጓደኞችህ የረሱት ይሄን ነው። ሚዛን ጣቢያ ላይ አስቁሞ ትራኩን ያየ ኢንስፔክተር ሪፖርት ሲጽፍ ያንተን ስም ብቻ አይጽፍም። ያኔ የምትነዳለትን ካምፓኒም ይጽፋል።

አምና አንድ ልጅ አመለከተ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ቃለ መጠይቁ ላይም ደስ ይል ነበር። ማመልከቻው ላይ ለአምስት ወር መጋዘን ውስጥ እንደሠራ ጽፏል። ፒኤስፒውን ስከፍት በእነዚያው ወራት አሪዞና ውስጥ ተፈትሿል፤ የካምፓኒው ስምም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ፍተሻው ምንም ጥሰት አልነበረበትም። ቢጽፈው ኖሮ ለእሱ የሚመሰክርለት ወረቀት ነበር። መጨረሻ ገጹ ላይ «የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው» ብሎ ስለፈረመ ግን እጄ ታሰረ። ልቀጥረው አልቻልኩም። እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደዚያችው ግጭትህ እንመለስ። በፌዴራሉ ደንብ «አደጋ» ተብሎ የሚመዘገበው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ሰው ሲሞት፣ ሰው ተጎድቶ ወዲያው ከቦታው ተወስዶ ሲታከም፣ ወይም መኪና ከጉዳቱ የተነሳ መንቀሳቀስ አቅቶት ተጎትቶ ሲሄድ። ኮፈን ተሰንጥቆ መኪናው በራሱ ሞተር ከሄደ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ፒኤስፒህ ላይ ላታገኛት ትችላለህ።

ይሄን ስትሰማ «እንግዲያው አትታይም» እንዳትል። ዳክ የሚባል ሌላ ሪፖርት አለ፤ ሃየርራይት የሚባለው ድርጅት ነው የሚይዘው። እዚያ ላይ የቀድሞ አሠሪዎች ለምን እንደለቀቅክ፣ ምን እንደገጨህ፣ ድጋሚ ይቀጥሩህ እንደሆነ ያስመዘግባሉ። ትንንሽ ግጭቶችም ይገባሉ። እኔ የምጠረጥረው ሦስቱ ካምፓኒዎች ያዩት እሱን ነው። አንዳንዴ ደግሞ የተጻፈው ከሆነው ይከፋል። ቆሞ የነበረን መኪና ኮፈን መንካት «ከባድ አደጋ» ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ። የካምፓኒውን ትራክ ተርሚናል መልሶ ያስረከበ ሾፌር «ትራክ ጥሎ ሄደ» ተብሎ ሲጻፍበትም አይቻለሁ።

ስለዚህ ከማንም በፊት አንተ እየው። የዳክ ሪፖርትህን በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ ማስላክ ትችላለህ። ስህተት ካለው መቃወሚያ ታስገባለህ፤ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መመለስ አለበት። ፒኤስፒውን ደግሞ በ10 ዶላር ገደማ ራስህ መግዛት ትችላለህ። ሌላም መብት አለህ፣ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። የቀድሞ አሠሪህ ለአዲሱ ካምፓኒ ምን ብሎ እንደመለሰ የማየት፣ የማስተካከልና የራስህን መልስ አብሮ የማስቀመጥ መብት አለህ። እንቢ ከተባልክ 30 ቀን ካላለፈ በጽሑፍ ጠይቅ። የመጨረሻው ካምፓኒ መልስ ከሰጠህ ስንት ቀን ሆነ? ጊዜው ካላለፈ ዛሬውኑ ኢሜይል ላክ።

እንዴት ልጻፋት ካልከኝ፣ ባጭሩ ጻፋት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ በስንት ፍጥነት እንደነበርክ፣ ምን እንደተጎዳ፣ ሰው እንዳልተጎዳ፣ ትኬት እንዳልተሰጠህ፣ ምንም እንዳልተጎተተ። ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል።

ስልክ ላይ ስትጠየቅ ግን መልስህ ብዙ ይወስናል። እኔ አንድ ነገር ነው የማዳምጠው። አንዱ ሾፌር እንዲህ ይለኛል፦ «ጨለማ ነበር፣ ቦታው ጠባብ ነበር፣ የቆመው ትራክ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ነበር፣ ከቢሮ የሚያሰማራኝ ዲስፓቸርም ያጣድፈኝ ነበር።» ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ሌላው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «አንዴ ወርጄ ማየት ነበረብኝ። አልወረድኩም። በቀኝ በኩል ስፖኪዮው የማያሳየኝ ቦታ ላይ ነበር የቆመው።» ለሁለተኛው ሰው የሚቀጥለውን ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፦ አሁን ምን ታደርጋለህ? ሁለቴ እወርዳለሁ፣ መስኮት ከፍቼ ሬዲዮ ዘግቼ ነው የምገባው ካለኝ እሱን ሰው ያርድ (የካምፓኒው የትራክ ግቢ) ውስጥ ማየት እፈልጋለሁ። ስህተቱን የት ላይ እንደሠራ የሚያውቅ ሾፌር ጭራሽ ገጭቶ ከማያውቅ አዲስ ሾፌር ይሻለኛል። ይሄ የኔ ሚዛን ነው፤ ሁሉም ሪክሩተር እንዲህ አያስብም።

ታዲያ አንዲት ኮፈን ለምን ሦስት በር ዘጋችብህ? ብዙ ሰው ካምፓኒው የከለከለው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የከለከለው ኢንሹራንሱ ነው። አጠቃላይ ጭነት በክፍያ ከስቴት ስቴት የሚያመላልስ ካምፓኒ በሕግ ቢያንስ የ750,000 ዶላር ኢንሹራንስ ይይዛል፤ ጭነት የሚሰጡ ደላሎች ደግሞ በተግባር 1 ሚሊዮን ነው የሚጠይቁት። አሥር ሃያ ትራክ ያለው ካምፓኒ አዲስ ሾፌር ሲያገኝ ስሙን ለኢንሹራንሱ ይልካል። ኢንሹራንሱ ሁለት ዓመት ልምድ ከጠየቀ፣ የአራት ወር ልምድና አንድ ግጭት ይዘህ የካምፓኒው ባለቤት ቢወድህም አይቀጥርህም። ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ግን የአደጋውን ኪሣራ ትልቅ ድርሻ ራሳቸው ይሸከማሉ። ለዚህ ነው ከትምህርት ቤት የወጣ ሾፌር የሚቀጥሩት በብዛት እንደ ሽናይደር፣ ስዊፍትና ወርነር ያሉት የሆኑት።

ኢንሹራንሶቹ የሚፈሩት ነገር አለ። በ2014 መጨረሻ እዚሁ ቴክሳስ፣ ኦዴሳ አጠገብ አንድ ፒክ አፕ በረዶ ላይ ተንሸራቶ የመንገዱን መሃል አቋርጦ ከወርነር ትራክ ጋር ተጋጨ። አንድ ልጅ ሞተ፣ ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት ክፉኛ ተጎዱ። የትራኩ ሾፌር በራሱ መስመር ላይ ነበር። ግን ገና ልምምድ ላይ ነው፣ አሠልጣኙ ደግሞ ከኋላ አልጋው ላይ ተኝቷል። በ2018 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች) ካምፓኒው 89 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰኑ። ክርክሩ ያተኮረው ሾፌሩን እንዴት አሠለጠናችሁት፣ እንዴትስ ተቆጣጠራችሁት በሚለው ጭምር ነበር። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በጁን 2025 ሽሮታል። እስከዚያ ግን ሰባት ዓመት አለፈ። እንዲህ ያለ ፍርድ በተሰማ ቁጥር እንዳንተ ዓይነቱ ፋይል ላይ የሚያርፈው ዓይን ይጠብቃል። አንተን ስለጠሉህ እንዳይመስልህ።

ፋይሉ ካለፈ በኋላ ያለው የያርድ ፈተና ነው። ሲዲኤል ስላለህ ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ደንቡም ይፈቅድላቸዋል። እኔ ግን ሁሉንም አስነዳለሁ። ከ2022 ወዲህ የተመዘገበ ትምህርት ቤት ሳይማሩ ክላስ ኤ ማውጣት አይቻልም። ግን ደንቡ ስንት ሰዓት እንደሚነዳ ቁጥር አላስቀመጠም፤ አሠልጣኙ ችሏል ካለ ያልፋል። በሦስት ሳምንት የወጣ ልጅና በሁለት ወር የወጣ ልጅ እኩል ፈቃድ ይዘው ይመጣሉ። ልዩነቱ የሚታየው ያርድ ውስጥ ነው።

ቁልፉን እሰጠውና ዝም እላለሁ። መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። የእጅ ባትሪና ጓንት ይዞ መጥቷል? ትራኩን ሲዞር ዓይኑ የት ያርፋል? አንዳንዱ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ያልፋል። አንዱ ግን ተንበርክኮ የውስጠኛውን ጎማ በባትሪ ያያል፣ የቸርኬውን ብሎን በጣቱ ይነካል፤ ከብሎኑ ሥር የዝገት መስመር ካለ ላልቷል ማለት ነው። ተሳቢው ሥር ገብቶ የኪንግፒኑን (ተሳቢውን ከትራኩ የሚያያይዘውን ብረት) መንጋጋ ይፈልጋል፣ በትራኩ ሳህንና በተሳቢው መሃል ብርሃን እንዳያሾልክ ያያል። ከዚያ የአየር ፍሬኑን ሲፈትሽ ሰዓቱን አየዋለሁ። ፍሬን ረግጦ አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው መቆየት ያለበት፤ ተሳቢ ባለው ትራክ የአየር ግፊቱ ከ4 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። አሥር ሰከንድ ረግጦ «ጥሩ ነው» የሚል አለ። የአየር መለኪያው ላይ ዓይኑን ተክሎ ደቂቃዋ እስክታልቅ የማይንቀሳቀስም አለ። ያኛውን ትራኩ ገና ሳይንቀሳቀስ ቀጥሬዋለሁ ማለት ይቻላል።

ወደ ኋላ ሲገባ ሦስቴ ወደፊት ወጥቶ ቢያስተካክል ምንም አይደለም። አንተ እዚህ ጋ ትፈራለህ ብዬ እገምታለሁ። አትፍራ፣ ቀስ በል፣ ውረድ። ወርዶ በማየቱ የጣልኩት ሾፌር የለም።

ስለ ጤና ወረቀቱ ብዙ አልልህም። ካርዱ ቢበዛ ለ2 ዓመት ነው። ደም ግፊትህ ከ140/90 በታች ካልሆነ የሚሰጥህ ጊዜ ያጥራል። እኛ ደግሞ ቡና ወዳዶች ነን፤ የዚያን ቀን ጠዋት ሦስተኛውን ስኒ ተወው።

ስለ ዕፅና አልኮል ምርመራው ግን በግልጽ ላውራህ፤ የኛ ልጆች የሚጎዱበት ነገር ስለሆነ። ከጃንዋሪ 6፣ 2020 ጀምሮ ክሊሪንግሃውስ የሚባል የፌዴራል መዝገብ አለ። ማንኛውም ካምፓኒ ሲዲኤል ሾፌር ከማስነዳቱ በፊት እዚያ ማየት ግዴታው ነው። የሚያየውም አንተ ገብተህ ስትፈቅድ ነው፤ ለሾፌር ምዝገባው በነፃ ነው፣ ካልተመዘገብክ ዛሬ ተመዝገብ። በምርመራ የወደቀ፣ ወይም አልመረመርም ያለ ሰው ስሙ ቢያንስ ለ5 ዓመት እዚያ ይቀመጣል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ደግሞ ወደ ሥራ የመመለሻውን ሂደት ካልጨረሰ ስቴቱ ሲዲኤሉን ያወርድበታል። ኮሎራዶ ውስጥ ማሪዋና ተፈቅዷል ማለት ለሲዲኤል ሾፌር ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

ጫትም እንደዚሁ። ቅጠል ነው፣ አገራችን ገበያ ላይ የሚሸጥ ነገር ነው እያሉ ለረጅም መንገድ ንቃት የሚይዙ አሉ። ውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው። ትራክ ውስጥ ሲገኝ የሚከተለው የሥራ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ላለው ሰው የመኖሪያ ጉዳይም ይሆናል። ማንም ሰው «የወንድሜን ዕቃ ዴንቨር አድርስልኝ» ብሎ የታሸገ ነገር ቢሰጥህ እንቢ በል። ቅር ይበለው።

እንግሊዝኛም አለ። ሾፌር ምልክት ማንበብ፣ ከተቆጣጣሪ ጋር መነጋገርና ሪፖርት መሙላት የሚችልበት እንግሊዝኛ ይኑረው የሚለው ደንብ የቆየ ነው። አዲሱ ነገር ከጁን 25፣ 2025 ጀምሮ ያንን ያላሟላ ሾፌር እዚያው መንገድ ላይ ከሥራ ውጪ መደረጉ፣ ማለትም እንዳይነዳ መታገዱ ነው። ኢንስፔክተሩ ሲጠይቅህ ስልክ ላይ ያለ ተርጓሚ አይረዳህም። ጥያቄዎቹ ብዙ አይደሉም፦ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ ምን ጫንክ፣ ስንት ሰዓት ጀመርክ፣ ሎግህን (የመንዳት ሰዓት መዝገብህን) አሳየኝ። መልሱን በቃልህ አትሸምድድ። ኡበር ላይ ካሉ ተሳፋሪዎችህ ጋር አውራ፣ ልምምድ ነው። መንገድ ላይ በመብራት የሚጻፉትን ማስታወቂያዎችም ጮክ ብለህ አንብብ። ግሪን ካርድ ስላለህ በ2025 በሥራ ፈቃድ ሲዲኤል ባወጡት ላይ የመጣው ጥብቅ ደንብ አንተን አይመለከትም፤ ጓደኛህን የሚመለከት ከሆነ ግን ሲዲኤሉን ከማደሱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር።

አሁን ወደሚደውሉልህ ሰዎች ልምጣ።

የአገራችን ሰው ስለሆነ ብቻ ክፉ ነው አልልም። ሁለት ሦስት ትራክ ይዘው ሾፌራቸውን እንደ ቤተሰብ የሚይዙ ብዙ ጥሩ ሰዎች አውቃለሁ። እነሱን የምለይበት አንድ ነገር አለ፦ ወረቀት ይጠይቃሉ። ይሄኛው «ወረቀት አያስፈልግም» ካለህ ክሊሪንግሃውሱን አላየም፣ የቀድሞ አሠሪህን አልጠየቀም፣ የጤና ካርድህን ፋይል አላደረገም ማለት ነው። ስምህንም ለኢንሹራንሱ አልላከም ይሆናል። አንተን ሳያጣራ የሚቀጥር ሰው የጎማውንም ነገር አያጣራም።

ይሄን የምለው ከራሴ ነው። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ባለትራክ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ በአሥራ አምስት ደቂቃ ቀጠረኝ። ደስ አለኝ፣ ሥራ ቸግሮኝ ነበርና። ተሳቢውን የተረከብኩት ሌሊት ነው፤ ቀኑ ያልፍብሃል ሂድ ሂድ ስላለኝ በቅጡ ሳላይ ወጣሁ። ዋዮሚንግ፣ አይ-80 ላይ ሚዛን ጣቢያ አስገቡኝ። ኢንስፔክተሩ ተሳቢው ሥር ገብቶ ትንሽ ቆየና ጠራኝ። በባትሪው የሚያሳየኝ የውስጠኛው ጎማ ሽቦው ወጥቷል። የሦስት ጣት ስፋት ሙሉ በሙሉ በልቶታል። ከሥራ ውጪ ተደረግን፤ ጎማ ቀያሪው እስኪመጣ በዚያ ብርድ ስድስት ሰዓት ቆምኩ። ባለትራኩ የጎማውን ዋጋ ከክፍያዬ ቆረጠ። ጥሰቱ ደግሞ ፒኤስፒዬ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀመጠ፤ ያመለከትኩበት ሁሉ እሱን ይጠይቀኛል። ባለትራኩ ግን ትራኩን ሸጦ ሌላ ሥራ ገብቶ ነበር።

1099 ማለት ምን እንደሆነም አስላው። ትራኩ የሱ፣ ጭነቱ የሱ፣ መቼና የት እንደምትሄድ የሚነግርህ እሱ ከሆነ አንተ ተቀጣሪ ነህ። በ1099 ሲከፍልህ አሠሪው የሚያዋጣው የግብር ድርሻም ጫንቃህ ላይ ያርፋል፤ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ግብር ከገቢ ግብሩ ሌላ ነው። ከተሳቢ ላይ ወድቀህ እግርህ ቢሰበር የሠራተኛ ካሳ ላታገኝ ትችላለህ።

ሰውየውን ከወደድከው በደንብ ጠይቀው። የዶት ቁጥሩን (በፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የተመዘገበበትን) ይስጥህ። የፌዴራሉ ሴፈር ድረ ገጽ ላይ አስገባውና ትራኮቹ በፍተሻ ስንት ጊዜ ከሥራ ውጪ እንደተደረጉ እይ። ለመኪና የአገሪቱ አማካይ 22 በመቶ ገደማ ነው፣ ለሾፌር ከ7 በመቶ በታች። የሱ ከዚያ እጥፍ ከሆነ ተወው። ቁጥሩ የወጣው የዛሬ ስድስት ወር ሆኖ እሱ ግን አሥር ዓመት ሠርቻለሁ ካለህ የድሮውን ቁጥር ምን እንዳደረገው ጠይቀው። አስቸጋሪ ታሪክ ሲከማችባቸው ዘግተው በሌላ ስም የሚከፍቱ አሉ። ሾፌር በዕጣ እየተመረጠ የሚደረገውን የዕፅ ምርመራ ማን እንደሚሠራለት ጠይቀው፤ ባለ አንድ ትራክም ቢሆን ግዴታ ነው። በመጨረሻም ሎጉን ጠይቀው። በቀን መንዳት የሚፈቀደው 11 ሰዓት ነው፤ እሱም ሥራ ከጀመርክ በ14 ሰዓት ውስጥ። «ሎጉን ቢሮ ሆነን እናስተካክልልሃለን» ካለህ ስልኩን ዝጋው። ከሰዓትህ በላይ እንድትነዳ ማስገደድ ክልክል ነው። እንቢ በማለቱ የተባረረ ሾፌር በ180 ቀን ውስጥ ለኦሻ (የሠራተኞችን ደህንነት ለሚከታተለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) አቤት ማለት ይችላል።

የሊዙን ነገር አጥብቄ ነው የምቃወመው፣ ላንተ አሁን ባለህበት ሁኔታ። ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚለው ቃል ያታልላል። ትራኩን የሚያከራይህም፣ ጭነት የሚሰጥህም አንድ ካምፓኒ ነው። ጭነት ባነሰበት ሳምንት ገቢህ ይወርዳል፣ ሳምንታዊ ክፍያው ግን አይወርድም። ጥገናው ያንተ፣ ናፍጣው ያንተ፣ የተጠራቀመው ተቀማጭ እነሱ ጋ ነው። ትራኩን ይዘህ ሌላ ካምፓኒ ልሂድ ብትል ውሉ ብዙ ጊዜ አይፈቅድም። ብዙዎች መጨረሻው ሳይደርስ ነው የሚለቁት፤ ሲለቁ የከፈሉት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጉዳዩን እንዲመረምር በፌዴራል መንግሥት የተቋቋመው ግብረ ኃይል በ2025 መጀመሪያ ይሄ ዓይነቱ የሊዝ ግዢ ጭራሽ እንዲታገድ ነው ሐሳብ ያቀረበው። የአራት ወር ልምድ ያለው ሾፌር መማር ያለበት ትራክ መንዳት ነው፤ ዕዳ ማስታመም አይደለም።

ላንተ የሚታየኝ መንገድ አዲስ ሾፌር የሚቀጥሩት ትልልቆቹ ካምፓኒዎች ጋ መመለስ ነው፣ በደብልዩ-2፣ ማለትም በመደበኛ ተቀጣሪነት። እነሱ ዘንድ ሾፌር በብዛት ይለቃል፤ የለቀቀው ቁጥር ከጠቅላላው 90 በመቶ በላይ የደረሰባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ሁልጊዜ ይቀጥራሉ። ስምንት ወር ገደማ ከትራክ መሪ ስለራቅህ የማደሻ ሥልጠና ውሰድ ሊሉህ ይችላሉ፤ እሺ በል፣ ጥቅሙ ላንተ ነው። ነገር ግን ከመፈረምህ በፊት ሥልጠናው ስንት ተብሎ እንደሚታሰብብህና በስንት ወር ውስጥ ብትለቅ እንደሚያስከፍሉህ ገጹን ፈልገህ አንብብ። ሪክሩተሩ በአፉ የነገረህን ደመወዝ በኢሜይል አስልከው። ከአልቀጥርም ባዩ ካምፓኒ ጋርም አትጨቃጨቅ፤ «ኢንሹራንሳችሁ ስንት ወር ልምድ ይፈልጋል?» ብለህ ብቻ ጠይቀውና ቁጥሩን ጻፈው። ዓመት ሲሞላህ መልሰህ የምትደውልለት እሱን ነው። ረጅም መንገድ ካልፈለግክ መጋዘናቸው ውስጥ ዕቃ እየጫንክ ጀምረህ ወደ ሾፌርነት የሚያሻግሩ የከፊል ጭነት ካምፓኒዎችም ዳላስ አካባቢ አሉ። ክፍያው መጀመሪያ ያንሳል። ማታ ቤትህ ትተኛለህ።

ሰኞ ከሥራ በፊት ሁለቱን ሪፖርቶች እዘዝ። ዳኩ ሲመጣልህ ስለዚያች ሌሊት የተጻፈውን መስመር ቃል በቃል ገልብጠህ ላክልኝ፤ የካምፓኒውን ስም ተወው። የተጻፈው አንተ ከነገርከኝ የሚለይ ከሆነ መቃወሚያውን አብረን እንጽፈዋለን።